የባቡር ጣቢያችን ታሪክና አገልግሎት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር። በሥራ ፈረቃ ምክንያት መገኘት ላልቻላችሁ እንዲነበብ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



በዚህ ሙቀት የቤት ጣጣችሁንና ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ እናመሰግናለን። ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ የባቡር ጣቢያችን ነው። ለድሬዳዋ ሰው ስለ ባቡር ማውራት ለቀባሪው አረዱት ነው የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው። ከመካከላችን አባቱ ወይም አያቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ያልነበረ ስንት ሰው ይገኛል? ቢሆንም የኋላውን ካላስታወስን በመጨረሻ የምናነሣው ጥያቄ ግልጽ አይሆንም፤ ስለዚህ ጥቂት ታገሡን።

እንደሚታወቀው፣ አጼ ምኒልክ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ እዚህ የደረሰው ታኅሣሥ 15 ቀን 1895 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩን ሐረር ማስገባት ነበር። ሐረር ግን ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተራራው ላይ ነው ያለችው። ያንን አቀበት ለባቡር መጥረግ ከባድ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ መስመሩ በተራራው ግርጌ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ድሬዳዋ የተወለደችው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር።

ከዚያም ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና ሥራው ቆመ። ለብዙ ዓመታት የባቡሩ መጨረሻ እኛው ዘንድ ሆነ፤ ዕቃው እዚህ ይወርድና በግመልና በበቅሎ ወደ መሐል አገር ይጓዝ ነበር። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋትም 1 ሜትር ነበር።

አሁን ልብ እንድንል የምንፈልገው ነገር አለ። ያ ጣቢያ ሲሠራ ከተማ አልነበረም፤ ከተማው የመጣው ወደ ጣቢያው ነው። የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች የተቀየሱት፣ ጥላ የሚሰጡን ዛፎች የተተከሉት ጣቢያውን ይዘው ነው። ለገሃሬ የሚለው ስም እንኳ ከፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። ከደቻቱ ማዶ መጋላ ደግሞ በባቡር የወጣውን ዕቃ እየሸጠ አደገ። የጥገና ክፍሉ ብረት ቀጥቃጭ፣ ቶርነሪ፣ በያጅና መካኒክ አስተምሮ ያወጣ ትምህርት ቤት ነበር። አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ዛሬም እዚያው ቆመዋል፤ ልጆቻችንን ወስደን ብናሳያቸው መልካም ነው።

ተሳፋሪውስ? ሦስተኛ ማዕረግ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ሲሄድ ምቾት ነበረ አንልም። ነገር ግን ያ ባቡር በየትንሹ ጣቢያ ይቆም ነበር። ኤረር ላይም፣ አይሻ ላይም ወተት የያዘች እናት፣ ፍየል የሚጎትት አርብቶ አደር፣ ጨርቅ የጠቀለለ ነጋዴ ይሳፈራል፣ ይወርዳል። ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ በር ላይ ጋሪው ቆሟል፣ በኋላም ፔጆ ታክሲው ቆሟል። ሰው ከባቡር ወርዶ ቤቱ ለመግባት አይጨነቅም ነበር።

የዚያ መስመር መጨረሻ አሳዛኝ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ወረራ ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ቆሞ ነበር። ከዚያ ቢቀጥልም ሐዲዱም ሞተሩም አረጀ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ተቋረጠ። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ድንበር ያለው ክፍል በ2005 ዓ.ም. ተጠግኖ ቢጀምርም ብዙ አልቆየም። ስንት ቤተሰብ እንጀራው በዚያ እንደተነካ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ወደ አዲሱ ጣቢያ እንምጣ። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ አንደኛው እስከ ሚኤሶ፣ ሁለተኛው ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ባቡሩ በናፍጣ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ይሠራል። ድርጅቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ሀብት ሲሆን፣ 75 በመቶው የእኛ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። ቻይናውያኑ ሲያንቀሳቅሱት ቆይተው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ሥራውን ለሁለቱ አገሮች አስረክበዋል።

ታዲያ ይኸኛው ጣቢያ ለምን ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ እኛ አቅጣጫ ተሠራ? ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ረጅም የጭነት ባቡር በጠባብ ቦታ አይታጠፍም፤ ለጥ ያለ መሬትና ኮንቴይነር የሚራገፍበት ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ኢንዱስትሪ ፓርኩም በዚሁ በኩል የተተከለው ባቡሩን አስቦ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሀገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ድሬዳዋ ሥራ ሲጀምር ባቡሩ አንዱ ምክንያት ነበር። ስለሆነም ለጭነቱ ቦታው ጥሩ ነው። ኮንቴይነሩ አልተቸገረም፤ የተቸገረው ሰው ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። ይህ ባቡር እንደ አዲስ አበባው የከተማ ባቡር በየደቂቃው የሚመላለስ፣ ሠራተኛ ጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልስ አይደለም። የረጅም መንገድ ባቡር ነው፤ ቀንና ሰዓት አለው፤ ያመለጠው ሰው ያን ቀን ሌላ አይጠብቅም። ከእኛው አባላት መካከል ሻንጣና ሕፃን ይዘው ባጃጅ ሲፈልጉ ባቡሩ የሄደባቸው አሉ። ሲመለሱም ባጃጁ የጠየቃቸው ሒሳብ ለባቡሩ የከፈሉትን ያስረሳ ነበር። በፈረቃ ከፓርኩ በምሽት የሚወጡ ልጆቻችን፣ በተለይም ሴቶቹ፣ በዚያው መንገድ ላይ መቆማቸው ሌላው ችግር ነው። የጣቢያው ተሳፋሪና የፓርኩ ሠራተኛ መንገዱ አንድ ነው፤ ስለዚህ አንድ መኪና ለሁለቱም ይበቃል።

በዚህ መሠረት ኮሚቴው ሦስት ነገር እንዲወሰን ያቀርባል።

አንደኛ፣ ከከተማው በሰፈራችን በኩል ወደ ጣቢያውና ወደ ፓርኩ የሚመላለስ አውቶቡስ ሰዓቱ ከባቡሩና ከፈረቃው ጋር እንዲገጥም ለሚመለከተው የመስተዳድሩ ክፍል በጽሑፍ እናመልክት። የሚፈርም ሰው ስሙን ከጸሐፊያችን ዘንድ ያስመዝግብ። «እስቲ ሌላው ይፈርም» ከተባለ ደብዳቤው ባዶውን ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ የባቡሩ ቀንና ሰዓት በየጊዜው ከጣቢያው ተጠይቆ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህን ሁለት ወጣቶች በፈቃዳቸው ይያዙልን። ወደ ጅቡቲ የምትሄዱ የጉዞ ሰነዳችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ድንበር የሚሻገር ባቡር ነውና።

ሦስተኛው ከራሳችን የሚጠበቅ ነው። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት የተሸከመ ነው። ሳይነኩት፣ በመቅረብ ብቻ ሊገድል ይችላል። ፉርጎ ላይ መውጣት፣ እንጨት ወይም ብረት ወደ ሽቦው ማንሣት ለልጆች ጨዋታ አይደለም። የድሮው ባቡር ጢሱም ጩኸቱም ከሩቅ ያስጠነቅቅ ነበር፤ ይኸኛው ጸጥ ብሎ ይደርሳል፣ ፍሬን ቢይዝም ቶሎ አይቆምም። ፍየልና ግመል የምታሰማሩ ወገኖቻችን ከብቶቻችሁን ከአጥሩ አርቁ፤ በማለፊያው እንጂ በሌላ ቦታ አንሻገር። ከሐዲዱ ብሎን የሚፈታ፣ ሽቦ የሚቆርጥ ሰው ካያችሁም «ምን አገባኝ» አትበሉ። አሮጌው መስመር ሲቆም ማን እንደተጎዳ አይተናልና።

አያቶቻችን ጣቢያው ከተሠራ በኋላ ዙሪያውን ከተማ አድርገውታል። እኛ ደግሞ ጣቢያውም ፓርኩም ተሠርቶ ነው ያገኘነው፤ የጎደለው በመካከሉ ያለው መንገድና መጓጓዣ ነው። ይህ ደግሞ በኅብረት ከጠየቅን የማይቻል ነገር አይደለም።

አሁን አስተያየታችሁን እንሰማለን፤ ከዚያም እጅ በማውጣት እንወስናለን።

የማኅበሩ ኮሚቴ