መሰላሉና ቀበቶው

ውድ የምህንድስና ተመራቂዎች፤

የጥንታዊት ቻይና የጦር ስልት ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው ሱን ዙን ነው። 13 ምዕራፍ ያለውን መጽሐፉን ዛሬ ከጄኔራሉ ይልቅ ነጋዴው ሳያነበው አይቀርም። እኔ ለእናንተ የመረጥኩት ግን ሞዚን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የኖረ፣ ወረራን አጥብቆ የሚቃወም፣ የተከበበ ከተማ እንዴት እንደሚመክት ደግሞ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ፈላስፋ ነው። ጠላት ከግንብ ሥር ዋሻ ቢቆፍርስ? በስሙ የሚጠራው መጽሐፍ መላ አለው፦ ከግንቡ በስተውስጥ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ አፉ በስስ ቆዳ የተወጠረ ጋን ይቀመጥበታል፤ ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ይገባና ቁፋሮው ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ያዳምጣል።

በዘመኑ ጎንግሹ ባን የሚባል ስመ ጥር ጠቢብ ነበር፤ የቻይና አናጢዎች ሉ ባን እያሉ ዛሬም ያከብሩታል። ኃያሏ የቹ ግዛት ትንሿን የሶንግ ግዛት ለመውረር ስትነሳ የግንብ መውጫ መሰላል ሠራላት። እንደሚተረከው ሞዚ ወሬውን ሲሰማ 10 ቀንና 10 ሌሊት ተጉዞ የቹ ዋና ከተማ ገባ። በጎንግሹ ፊት ቀበቶውን ፈትቶ እንደ ግንብ ዘረጋው፤ ትንንሽ እንጨቶችን የጦር መሣሪያ አደረጋቸው። ጎንግሹ 9 ጊዜ አጠቃ፤ ሞዚ 9 ጊዜ መለሰው። በመጨረሻ ጎንግሹ፣ አንድ መንገድ ይቀረኛል፣ ግን አልናገርም አለ። ሞዚ ገባው፤ ሊያስገድለው ነው። ቢሞትም እንኳ 300 ደቀ መዛሙርቱ መከላከያውን ይዘው ሶንግ ግንብ ላይ እንደቆሙ ለቹ ንጉሥ ነገረው። ወረራው ቀረ።

እኔን የሚደንቁኝ እነዚያ 300 ሰዎች ናቸው። ሞዚ ንጉሥ ለማሳመን ሲሄድ አንደበቱን ብቻ ይዞ አልሄደም።

ሲመለስ ሶንግ ላይ ዝናብ ያዘው፤ ልጠለል ቢል የበሩ ዘበኛ አላስገባውም። ይህን የምነግራችሁ ምስጋና እንዳትጠብቁ አይደለም፤ ጠብቁ፣ በደመወዝም ተደራደሩ።

ጎንግሹም ቢሆን በሙያው እንከን አልነበረበትም፤ መሰላሉ ጥሩ መሰላል ነበር። ነገ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ከፍሎ መሰላል የሚያሠራችሁ ሰው ሲመጣ፣ በማን ግንብ ላይ እንደሚያስደግፈው ሳትጠይቁ ውል እንዳትፈርሙ።