በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ የመጪ ዘመን ፊልም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተፈቀደልኝ እኔና አምስት ጓደኞቼ በእጅ ስልክ ስለምናነሣው ተከታታይ ፊልም ነው። ፊልሙ የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው ዐይነት ነው፤ ይኸውም ገና ስላልመጣ ዘመንና ገና ስላልተሠራ መሣሪያ የሚተርክ ማለት ነው። ይህን ስንናገር የሚስቁብን ብዙዎች ናቸው። «ለጠፈር መንኰራኵር የሚሆነውን ገንዘብ ከየት ታመጣላችሁ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ አስቀድሜ መልስ ልስጥበት።

እ.ኤ.አ. በ1902 ዦርዥ ሜልዬስ የተባለ ፈረንሳዊ ወደ ጨረቃ ስለሚደረግ ጉዞ አንድ አጭር ፊልም ሠራ። ሰውየው አስቀድሞ በቲያትር ቤት ምትሐት የሚያሳይ ነበር። የጨረቃው ተራራና ገደል ሁሉ በሸራ ላይ የተቀባ ቀለም ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ዛሬ ከተቀመጥንበት ሜዳ ደረሰ፤ ድሬ ዳዋም ተቈረቈረች። እንግዲህ ከተማችንና የጨረቃው ፊልም እኩዮች ናቸው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስነግር ሰነበትሁ።

ሸራና ቀለም ግን የዛሬ መቶ ዓመት ነገር ነው እንዳትሉኝ፣ በናይጄሪያ አገር በካዱና ከተማ ስላሉት ወጣቶች ላንሣ። ብዙዎቹ በእኛ ዕድሜ ሳሉ መስተዋቱ በተሰነጠቀ ስልክ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ሠርተው በዩቲዩብ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ወሬያቸው በዓለም ሁሉ ተሰማ። ከተዋንያኑ በስተ ኋላ የሚዘረጋውን አረንጓዴ ጨርቅ ለመግዛት አንድ ወር ገንዘብ አጠራቀሙ። 10 ደቂቃ የሚሆን አንድ ፊልም 7 ወር ፈጀባቸው፤ መብራትም ይጠፋባቸው ነበር፤ ይህን ግን ለድሬ ዳዋ ሰው ማስረዳት አያሻም። ትጋታቸውን አደንቃለሁ። ሆኖም እኛ አረንጓዴውን ጨርቅ ተውነው፤ ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ አረንጓዴውን አጥፍቶ በምትኩ ሌላ ሥዕል ሲያስገባ፣ ቆመንበት የነበረው ቦታ አብሮ ይጠፋል። እኛ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ያለን ቦታ ነው።

ይህን ያስተማረን በአገራችን የተሠራው «ክራምብስ» የተባለው ፊልም ነው፤ ትርጓሜውም ፍርፋሪ ማለት ነው። አዘጋጁ ሚጌል ያንሶ የሚባል የእስፓኝ ሰው ሲሆን፣ ዋናዎቹ ተዋንያን ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው፤ ንግግሩም በአማርኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሆላንድ አገር በሮተርዳም የፊልም በዓል ታየ። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ነው። ታሪኩ ዓለም ከፈረሰች በኋላ በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ስለሚኖሩ ሁለት ፍቅረኞች ነው። ከበላያቸው ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ የኖረ መንኰራኵር ተንጠልጥሏል። መንኰራኵሩ ሩቅ ነው፤ ብዙ ወጪ ያላስወጣው ይመስለኛል። እኔን እጅግ የገረመኝ ግን የዕቃ ነጋዴው ሱቅ ነው። የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ጥንት ቅርስ በክብር እየተመረመሩ ዋጋ ይቈረጥላቸዋል። እንዲህ ያለውን አሻንጉሊት ታይዋን ገበያ ወርዶ በጥቂት ብር መግዛት ይቻላል። ዘመኑን ያራቀው ዕቃው ሳይሆን ሰዎቹ ዕቃውን የሚያዩበት ዐይን ነው። ባዕድ የሚመስለውንም ምድር ቀለም ቀብተው አልሠሩትም፤ አፋር ምድር ወርደው ዳሎል ላይ አነሡት እንጂ።

እኛስ ዳሎላችን የት ነው? ስንል ብዙ አልተቸገርንም። ታላላቆቻችን ሸማንደፈር የሚሉት የድሮው ምድር ባቡር ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን ያቆመው እኛ በወጉ መሄድ ሳንጀምር ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ ለገሀር ስንል ለእኛ የሰፈር ስም ነው፤ ለአያቶቻችን ግን የዓለም በር ነበረ። ዝገት የበላውን ፉርጎ በማለዳ ብርሃን ላየው ሰው፣ ሰዎች ሠርተውት ወደ ሌላ ኮከብ የሄዱ ይመስላል። ለዚህ ማንም ገንዘብ አላስከፈለንም።

ታሪካችን ይህ ነው። በ2090 ዓ.ም. አንዲት ልጅ በተተወ የባቡር ጣቢያ አሮጌ የቴሌግራፍ መሣሪያ አግኝታ ትጠግናለች። መልእክት ስትልክ አንድ ሰው ይመልስላታል። ሰውየው የሌሊት ዘበኛ ነው፤ እርሱ ያለበትም ጊዜ የ1998 ዓ.ም. የሐምሌ ወር መጨረሻ ነው።

እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሁሉ ያ ሌሊት ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በደጋው የጣለው ዝናም ወርዶ ደቻቱ ሞላ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም አለቁ። ልጅቱ ሊነጋ ሲል የሚሆነውን ታውቃለች፤ ዘበኛው አያውቅም። ያለው አንድ ሌሊት ነው፤ ለማን ይንገር? ማንስ ያምነዋል?

ከስድስታችን አንዷ አያቷን በዚያ ጎርፍ አጥታለች፤ እርስዋ ገና አልተወለደችም ነበር። አባትዋ ነገሩን በሰሙ ጊዜ «በሙታን ላይ ጨዋታ አይሆንም» ብለው ተቈጡ። እኛም ጽሑፋችንን ይዘን ከቤታቸው ሄድን፤ ውሃውንና የሞቱትን ከቶ እንደማናሳይ ነገርናቸው። ይህም ብልሃት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ፈረንሳዊው ክሪስ ማርኬር ስለ ዘመን ጉዞ የሠራው «ላ ዠቴ» የተባለ 28 ደቂቃ የሚሆን ፊልም ከሞላ ጐደል በሙሉ በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች የተሠራ ነው። እኛም የ1998ን ሌሊት በፎቶግራፍና በድምፅ ብቻ ለማሳየት አሰብን።

አባባ ጽሑፉን አንብበው ፍቀዱም አትፍቀዱም የሚል ነገር አልተናገሩም። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «የውሃ ድምፅ አታድርጉበት። እኔ የሰማሁት ውሃ አይደለም፤ ድንጋይ ሲንከባለል ነው» አሉን።

በማግሥቱ ወደ ደቻቱ አሸዋ ወረድን። ድንጋይ በበርሜል አድርገን ቀስ እያልን አንከባለልን፤ ስልኩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከበርሜሉ አጠገብ አኖርነው። እዚህ ላይ ፊልም ለመሥራት ለምታስቡ አንድ ምክር አለኝ፤ ሥዕሉ ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፤ ድምፁ ቢበላሽ ግን ወዲያው ይተዋችኋል። ስለዚህ ሁለት ስልክ ይኑር፤ አንዱ ለሥዕል ከሩቅ፣ ሁለተኛው ለድምፅ በተናጋሪው ልብስ ውስጥ። ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት ብቻ እናነሣለን፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ፊትን ያጠቁራል፣ ባጃጁም አያናግርም። ቴሌግራፉን ከጣውላ፣ ከተሰበረ ሬዲዮና ከበር ማጠፊያ ሠራነው።

ፊልሙ ስድስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 7 ደቂቃ ያህል ነው። አራቱ ተነሥተዋል፤ አምስተኛው ተጽፏል። በስድስተኛው ግን አልተስማማንም። ጓደኛችን አያቷ በፊልሙ ውስጥ መትረፍ አለባቸው ትላለች። ከእኛ አንዱ ደግሞ ያለፈውን መለወጥ ለሞቱት ውሸት መናገር ነው ይላል። እኔ በበኩሌ ከእርስዋ ጋራ ነኝ፤ ነገር ግን ዘበኛው ስንቱን በር አንኳክቶ ስንቱን ሊተው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም።

እስከዚያው አንድ ችግር አለብን። ዘበኛውን የሚጫወትልን አላገኘንም፤ የቴሌግራፉን ምልክት በጣቱ የሚያውቅ ሽማግሌ እንፈልጋለን። ከእንግዶቻችን መካከል በሸማንደፈር ያገለገለ አባት ቢኖር፣ ወይም እንዲህ ያለ ሰው የምታውቁ ብትኖሩ፣ ከበዓሉ በኋላ በሩ አጠገብ ቆመን እንጠብቃችኋለን። ምሳ እንችላለን።