ከሩጫ ሜዳ እስከ ሕግ ሙያ

(በአዲሎ ለማታ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አካል ጉዳትና ስለ ሥራ ነው። ነገሩ ከእኛ አይርቅም። በገበያችን ውስጥ ዓይነ ስውር ሲያልፍ «እግዜር ይርዳው» እንላለን፤ ሳንቲምም እንሰጣለን። ምን ተምረሃል፣ ምን ሥራ ትችላለህ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ሩጫን እናንሳ፤ በአገራችን ሩጫ የማይወድ የለምና። አካል ጉዳተኞች የሚገናኙበት ዓለም አቀፍ ውድድር ፓራሊምፒክ ይባላል። ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር የመጀመሪያውን ሜዳሊያ ያገኘችው በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ ነው፤ ወንድዬ ፍቅሬ በ1500 ሜትር ብር አመጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትዕግሥት ገዛኸኝ በዚያው ርቀት የመጀመሪያውን ወርቅ አገኘች። በ2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ትዕግሥት ወርቁን ደገመችው፤ ያየሽ ጌቴም በዓይነ ስውራን ምድብ ሌላ ወርቅ ጨመረች።

ዓይነ ስውር እንዴት ይሮጣል ትሉ ይሆናል። አንድ የሚያይ ሯጭ አጠገቡ ይሮጣል፤ እጃቸው በአጭር ገመድ ይያያዛል። ደንቡ ጥብቅ ነው። መሪው ሯጩን መጎተት አይፈቀድለትም፤ የመጨረሻውንም መስመር ቀድሞት ማለፍ የለበትም። መንገዱን ያሳያል እንጂ አይሮጥለትም።

ሜዳሊያ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሁሉ ሰው ሯጭ አይሆንም። እግሩ ለማይፈጥነው፣ ማንም ለማያጨበጭብለት አካል ጉዳተኛስ ምን አለው? ለእርሱ የሚያስፈልገው ሕግ ነው። ስለዚህ ከሯጮቹ ወደ አንዲት የሕግ ባለሙያ እንለፍ።

ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ1974 ዓ.ም. በወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወለዱ። በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። በአካባቢው ሴት ልጅ ገና በሕፃንነቷ ትዳር ነበር። እሳቸው ግን ዓይነ ስውር ስለሆኑ ለጋብቻ አልተፈለጉም። ዓይነ ስውርነታቸው ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናቸውና የትምህርትን በር እንደከፈተላቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ነገሩ ያስገርማል፤ ያሳዝናልም። ዓይናቸው ደኅና የነበረው እኩዮቻቸው ይህን ዕድል አላገኙማ!

ትምህርት የጀመሩት ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ሻሸመኔ ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ በሐላባ አድርገን የምንሄድባት ከተማ ናት። እዚያ ብሬል የሚባለውን ጽሕፈት ተማሩ። እኛም ፊደል የቆጠርን ዘግይተን ነውና እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ብሬል በወረቀት ላይ ጎላ ብለው በሚወጡ ነጥቦች ይጻፋል፤ በጣትም እየተዳሰሰ ይነበባል። አንዱ ምልክት ከስድስት ነጥብ አይበልጥም። ከስድስት ነጥብ የሚወጣው ምልክት 63 ብቻ ስለሆነ ለሁሉም ፊደላችን አይበቃም። ስለዚህ እኛ «ቡ» ብለን ባንድ ፊደል የምንጽፈው በብሬል ሁለት ምልክት ይሆናል፤ አንዱ ለ«ብ»፣ አንዱ ለ«ኡ» ድምፅ። አማርኛ በጣትም ይነበባል ማለት ነው።

ወይዘሮ የትነበርሽ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ገብተው ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር ተማሩ። ቀጥለውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ። በዩኒቨርሲቲው ሳሉ የኤድስ መከላከል እንቅስቃሴን በሊቀ መንበርነት መርተዋል። በኋላም በማኅበራዊ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ፤ ለአካል ጉዳተኞች መብትና ልማት የሚሠራ ማዕከልም ከሌሎች ጋር ሆነው አቋቋሙ። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ስዊድን አገር የሚሰጠው «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለው ታላቅ ሽልማት ተሸላሚ መሆናቸው ተነገረ።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። ለእኛ ግን ይበልጥ የሚጠቅመን በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ይመስለናል፤ ምክንያቱም የሚናገረው ስለ እንጀራ ነው። አካል ጉዳተኛ ሥራው የሚጠይቀውን ችሎታ ካሟላና በውድድሩ ካሸነፈ፣ የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር፣ በጉዳቱ ምክንያት ሥራውን መከልከል እንደማይቻል ደነገገ። አሠሪውም ለሠራተኛው የሚመች የሥራ ሁኔታ እንዲያዘጋጅ አዘዘ። በደል ደረሰብኝ ብሎ ለከሰሰ ሰውም ትልቅ ነገር አደረገ፦ አላዳላሁም ብሎ የማስረዳቱን ሸክም በአሠሪው ላይ ጣለ።

«ሕጉ ያለችሎታ ያስቀጥራል» የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም። የሯጩን ገመድ አስቡት፤ የሚያያይዝ እንጂ የሚጎትት አይደለም። ፈተናውን ማለፍ ያለበት ሰውዬው ራሱ ነው፤ ለፈተና ለመቀመጥ ደግሞ አስቀድሞ መማር ያስፈልጋል። ቤት ተቀምጦ የቀረ ልጅ አዋጁ ቢኖርም ባይኖርም ለውድድር አይደርስም።

በየሰፈሩ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ አለ። ለማያይ ልጅ ብሬል አለ፤ ለማይሰማ ልጅም ሆሳዕና ላይ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አለ። እግሩ ለሚያነክስ ልጅ እዚሁ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ይበቃዋል፤ ችግሩ መንገዱ ነውና አንድ ጎረቤት ልጅ አብሮት ይሂድ። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ፣ ንግግሩ ሲያልቅ ወደ ፊት ቀረብ በሉና ስሙንና ዕድሜውን አስመዝግቡን። ትምህርት ቤቱ ለመስከረም ልጆችን ሳይመዘግብ አብረን ሄደን እንነጋገራለን።