ከኪስ የማይወጣ ክፍያ፦ የሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት ሥራ ከውስጥ ሲታይ



ከእናንተ መካከል በማኔጅመንትና በሰው ኃይል አስተዳደር የምትመረቁ ጥቂት የማትባሉት የመጀመሪያ ሥራችሁን ሠራተኛ መልምሎ ለሌላ መሥሪያ ቤት በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ታገኙ ይሆናል። እኔም ወደ ማስተማር ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ጥበቃና ጽዳት በሚያቀርብ ድርጅት ለሁለት ዓመት ያህል የምልመላ ሠራተኛ ነበርሁ። ዛሬ የምናገረው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ስላየሁት ነው።

ሥራው በማለዳ ይጀምራል። ቢሮው ሳይከፈት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ አብዛኛው ከገጠር የመጣ ወጣት፣ ጥቂቱም ከሠራዊት የተሰናበተ ጎልማሳ ነው። የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያና የአሻራ ምርመራ ውጤት እቀበላለሁ። ብዙዎች የሚወድቁት ግን በዋስ ነበር። ደመወዝተኛ ዋስ ከነደብዳቤው እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ፤ ከተማ ከገባ ሳምንት ያልሞላው ሰው ዋስ ከየት ያመጣል? ችሎታን እንመዝናለን እያልን የምንመዝነው ዘመድን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተራው የደንበኞች ነው። አንዱ ለነገ ጠዋት ስድስት ሰው ይፈልጋል፤ ሌላው የላክንለትን ሰው ያለ ምክንያት መልሶ ይልካል። ተመልሶ የመጣውን ሰው ፊት ለፊት የምናየው እኛ ነን፤ መላሹ አያየውም።

በመሳቢያዬ ውስጥ ባለ ሁለት ዓምድ ወረቀት ነበር። በአንዱ ዓምድ ደንበኛው ለአንድ ጥበቃ በወር የሚከፍለው፣ በሌላው ጥበቃው የሚቀበለው ተጽፏል። አንድ ቀን በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ የሌሊት ጥበቃ በእሳቸው ስም የሚከፈለውን ሰምተው መጡ። «ልጄ፣ ቀሪው የት ይሄዳል?» አሉኝ። የደንብ ልብስ፣ የተቆጣጣሪ ደመወዝ፣ ግብር እያልሁ ዘረዘርሁላቸው። ያልሁት ሐሰት አልነበረም፤ ትርፉን ግን ሳልጠራው ቀረሁ። እሳቸውም አመስግነውኝ ወጡ። ምስጋናቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ኢትዮጵያም በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው ስምምነት ቁጥር 181 የግል ሥራ አገናኞች በመርህ ደረጃ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ይኸው ስምምነት ከሚለያቸው የአገልግሎት ዓይነቶች መካከል እነዚህ ሁለቱ ይገኛሉ፦ ሥራና ሠራተኛን አገናኝቶ መውጣት እና ራስ ቀጥሮ ለሦስተኛ ወገን ማሰማራት። በመጀመሪያው ክፍያ ከተጠየቀ ይታወቃል። በሁለተኛው ግን ጥያቄው ይረቅቃል፤ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ይታያል፣ ወደ ኪስ ሳይገባ የቀረ ገንዘብ አይታይም።

ለፍርድ እንዳንቸኩል ግን አሳስባለሁ። ድርጅቱ ሠራተኛ ያሠለጥናል፣ የቀረውን ይተካል፣ ደንበኛው ክፍያ ቢያዘገይም ደመወዝ ይከፍላል። ዛሬ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ 11 በመቶ የአሠሪ መዋጮ አለበት። ችግሩ የሚጀምረው ከጨረታው ነው። ደንበኛው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ይሰጣል፤ የጨርቅ ዋጋና የግብር መጠን ግን በተጫራቹ ፈቃድ አይቀንሱም። መቀነስ የሚቻለው ደመወዝ ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መደንገጉም ለዚህ ጉዳይ ትርጉም አለው፤ ወለል በሌለበት ጨረታ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳልና።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በጨረታ ሰነዱ የሠራተኛው ደመወዝ አስቀድሞ ይወሰን፣ ውድድሩ በአገልግሎት ክፍያው ላይ ብቻ ይሁን፤ ሁለቱም አኃዞች በሠራተኛው የቅጥር ውል ላይ ይጻፉ። ይህ ድርጅቶችን አያከስርም፤ ትርፋቸውን በስሙ እንዲጠሩት ግን ያስገድዳቸዋል።

ከእናንተ አንዳችሁ ነገ በዚያ ወንበር ስትቀመጡ ያ ወረቀት በመሳቢያችሁ ውስጥ ይኖራል። የሚጠይቃችሁ ሰው ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ አውጥታችሁ አሳዩት። እኔ አላሳየሁም።