የሥራ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈው ሥራ

የተከበራችሁ የካርድ ክፍል፣ የጽዳት፣ የልብስ እጥበት፣ የጥበቃና የተላላኪነት ሥራ ባልደረቦቼ፤ የተከበራችሁ የክፍል ኃላፊዎች፤

በዚህ ሆስፒታል ውስጥ እናንተ በየቀኑ የምታዩት፣ እኛ ቢሮ የተቀመጥነው ግን የማናየው ብዙ ነገር አለ። ዛሬ ለዚህ ሥልጠና የተሰበሰብነው ያ ያያችሁት ነገር ወደ ሥራ የሚለወጥበትን መንገድ ለመፈለግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ዓድዋ ነበሩ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከአጣቢዎቹ በላይ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ፤ የእንዶዱ አረፋ በሚወርድበት በታች በኩል ግን ሞተው ተገኙ። ዶክተሩ መዝግበው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ ለምን አለፉ ብሎ የሚጠይቃቸውም ባልኖረ። እሳቸው ግን ከአጣቢዎቹ የእንዶድ አረፋ ተቀብለው ሕይወት ባላቸው ቀንድ አውጣዎች ላይ ሞከሩት። ሞቱ። ከዚያ በኋላ እንዶድ ራሱ የዓመታት ሥራቸው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህ ታሪክ ሲነገር ስለ ሳይንቲስቱ ይወራል፤ ይገባቸዋልም። እኔን የበለጠ የሚያሳስቡኝ ግን አጣቢዎቹ ናቸው። እንዶድን ከእናቶቻቸው ተቀብለው፣ ሲወቅጡትና ሲያሹት የኖሩት እነሱ ነበሩ። ያዩትን የሚነግሩት ሰው ቢያገኙ ኖሮ ነገሩ ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥም እንደዚያው ነው። ስሙ አንድ ጊዜ በ«ሀ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ኃ» እየተጻፈ ካርዱ የሚጠፋበትን ታካሚ የሚያውቀው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። የትኛው ክፍል የላከው አንሶላ ሳይመለስ እንደሚቀር አጣቢው ያውቃል። ከገጠር የመጣ አስታማሚ ራጅ ክፍል የት እንደሆነ ጠፍቶት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ያያል። ይህን እንድታዩ ማንም አላዘዛችሁም፤ በሥራ ዝርዝራችሁም ላይ የለም። ያያችሁትን ግን ለቅርብ ኃላፊያችሁ አምጡ፤ «ለአንድ ሳምንት እንሞክረው» ብላችሁም ጠይቁ።

ኤሚ ሬዝኔስኪና ጄን ደተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን ጉዳይ አንስተዋል። መደባቸው አንድ ነው። ገሚሶቹ ሥራቸው ወለል ማጽዳት ብቻ እንደሆነ ሲናገሩ፣ ሌሎቹ ግን ታካሚውንና ጠያቂውን መርዳትንም እንደ ሥራቸው ቆጥረው ነበር። አዲስ የሥራ መደብ የሰጣቸው አልነበረም።

ድንበሩን እንወቅ፤ መድኃኒት ማዘዝም ሆነ የሕመም ምክር መስጠት የባለሙያው ነው። መርፌ ከሴፍቲ ቦክስ ውጭ፣ በሽታ አስተላላፊ ቆሻሻም ከቢጫው ባልዲ ውጭ ቦታ የለውም። በዚህ ላይ ሙከራ አይደረግም።

የክፍል ኃላፊዎች፣ ከሁሉም በላይ የምማጸነው እናንተን ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጥታ «የማዋለጃ ክፍሉን ከጠያቂ ሰዓት በፊት ብንወለውለውስ?» ስትል «አንቺ ምን አገባሽ?» ከተባለች ሁለተኛ አትመጣም። አጠገቧ ያሉትም ሰምተዋል፤ እነሱም አይመጡም። ሐሳቧ የማይሆን ቢሆን እንኳ ለምን እንደማይሆን ተቀምጣችሁ ንገሯት። የሚሆን ከሆነ ደግሞ በስሟ ይመዝገብ፤ ሐሳቡን የእናንተ አድርጋችሁ ለአስተዳደሩ አታቅርቡ። የሠራተኛ ተነሳሽነትን እንደ ነፃ ጉልበት መቁጠርም ነውር ነው። የተጨመረው ሥራ ቋሚ ከሆነ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ፣ በአፈጻጸም ምዘናም ይያዝ። ይህን አስተዳደሩ እንዲፈጽም እኔ እከታተላለሁ።

እስከ ሻይ ዕረፍት ድረስ በየክፍላችሁ ተቀምጣችሁ፣ በገዛ እጃችሁ ልታሻሽሉት የምትችሉትን አንድ ነገር ምረጡ። በየቡድኑ ኃላፊው መጨረሻ ላይ ይናገር። ከሰዓት በኋላ እኔም እገኛለሁ፤ እያንዳንዱ ሐሳብ የሚሞከርበትን ቀንና የሚከታተለውን ሰው እዚሁ እንወስናለን።

ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።