ከኮዱ በፊት ውሉ፦ በትልልቅ የንግድ ሥርዓቶች ዳግም ስለሚያገለግሉ የሶፍትዌር አካላት



ደመወዝን፣ የሂሳብ መዝገብን፣ የዕቃ ግምጃ ቤትንና ብድርን በአንድነት የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ድርጅት ከባዶ ቢጻፍ ዋጋው የሚቻል አይሆንም። ዳግላስ ማክኢልሮይ እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን፣ ጋርሚሽ በተካሄደው የሶፍትዌር ምህንድስና ጉባኤ ላይ፣ ሶፍትዌርም እንደ ሌሎች የኢንዱስትሪ ምርቶች አስቀድመው ከተዘጋጁ አካላት እንዲገጣጠም ሐሳብ ያቀረበው ስለዚህ ነበር። በዚያው ዘመን ዳልና ኒጎርድ በኦስሎ የነደፉት ሲሙላ 67 ደግሞ መረጃንና በመረጃው ላይ የሚፈጸመውን ተግባር በአንድ ኦብጀክት አጣመረ። ይህም ለተባለው አካል ተስማሚ ቅርጽ ሆነ።

ይሁን እንጂ አንድን አካል ስንዋስ የምንወስደው ኮዱን ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊው እንደ እውነት የተቀበላቸውን ግምቶችም አብረን እንወስዳለን። አሪያን 5 ሮኬት እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 በመጀመሪያ በረራው የወደመው ከአሪያን 4 በተወረሰ ኮድ ምክንያት ነው። ኮዱ ለቀድሞው ሮኬት በትክክል ሠርቷል፤ በአዲሱ ሮኬት ፍጥነት ግን አንድ ቁጥር ከተመደበለት 16 ቢት በላይ ሆነ። በርትራንድ ሜየር የአካሉ ግዴታና ቅድመ ሁኔታ በግልጽ ውል ይስፈር ብሎ ያስተማረው እንዲህ ያለውን ስውር ግምት ለማጋለጥ ነው።

ወደ ንግድ ሥርዓት እንመለስ። «በየወሩ አንድ ደመወዝ» የሚል ደንብ በውስጡ የያዘ አካል ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ጋር ቢገጣጠም፣ በጳጉሜ አሥራ ሦስተኛ ደመወዝ ያዝዛል። ጳጉሜን ከወራት ዝርዝር መሰረዝም መፍትሔ አይሆንም፤ በየቀኑ የሚታሰብ ወለድ እነዚያን 5 ወይም 6 ቀናት መቁጠር አለበትና። ስለዚህ የዘመን አቆጣጠሩ ኦብጀክት ቀናትን ብቻ ይቁጠር፤ ደመወዝ መቼ እንደሚከፈል የደመወዙ ኦብጀክት ይወስን።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 ለዚህ ዓይነቱ ክፍፍል ጥሩ ምሳሌ ነው። የዘመን አቆጣጠርን በራሱ ኢንተርፌስ ለይቶ ስላስቀመጠ፣ ስሪቴን ኤክስትራ የተባለው ላይብረሪ የጃቫን ኮድ ሳይነካ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከውጭ ለመጨመር ችሏል።

እንግዲህ አንድን አካል ከመዋሳችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ፦ ምን ይቀበላል? ምን ይመልሳል? ምንንስ እንደ እውነት ወስዷል? ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ያላገኘለት አካል፣ በሌላ አገር ሺህ ጊዜ የተፈተነ ቢሆን እንኳ፣ ለእኛ ገና አልተፈተነም።