ሳይደርሱ መገመት



ዛሬ በግንቦት 2007 ዓ.ም. የሥነ ፈለክ ወዳጅ የሆነ ሁሉ እንደ እኔ እንቅልፍ አጥቶ መሆን አለበት። ዶውን የተባለችው መንኮራኩር ባለፈው የካቲት 27 ቀን ሴሬስ ዘንድ ደርሳ፣ አሁን ዙሪያዋን እየዞረች ፎቶግራፍ በማንሳት ላይ ናት። ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው ደግሞ በቀን ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ እየገሰገሰች ወደ ፕሉቶ ታመራለች፤ ሐምሌ 7 ቀን በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ገደማ በአጠገቡ ታልፋለች። ድንክ ፕላኔት ተብለው ከተመደቡት አካላት አንዱንም እስከ ዘንድሮ ድረስ በቅርብ ያየ መሣሪያ አልነበረም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱ ሊገለጡልን ነው።

የመጣሁት የሁለቱን ጉዞ ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ለመተረክ አይደለም። የያዝኩት ሐሳብ አንድ ነው፦ የመጀመሪያው እይታ ሙሉ ትርፉን የሚሰጠው ግምቱን አስቀድሞ በግልጽ ለተናገረ ሰው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ፎቶግራፉ ከመጣ በኋላ «ይህንንማ ድሮም አውቀው ነበር» ማለት ማንንም አያቅተውም። ከመምጣቱ በፊት «ይህን እናያለን፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ መወራረድ ግን ዕውቀትን ለፈተና ማቅረብ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

በቅድሚያ ሁለት የቆዩ አጋጣሚዎችን ላንሣ።

ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር የማርስን የመጀመሪያ የቅርብ ፎቶግራፎች ያነሳችው በጁላይ 1965 ነበር። ኒው ሆራይዘንስ ፕሉቶን በምታልፍበት ዕለት ነገሩ ልክ 50 ዓመት ይሞላዋል። አንዱ ፎቶግራፍ 200 መስመር፣ እያንዳንዱ መስመርም 200 ነጥብ ነበረው፤ ተልኮ እስኪያልቅ 8 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በፓሳዴና፣ ካሊፎርኒያ፣ በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የነበሩት መሐንዲሶች ኮምፒውተሩ ምስሉን አዘጋጅቶ እስኪሰጣቸው መታገሥ አቃታቸው። የየነጥቡን የብርሃን መጠን የሚናገሩትን ቁጥሮች በጥብጣብ ወረቀት ላይ አትመው፣ ጥብጣቦቹን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ሰክተው፣ ቁጥሩን እያዩ በቀለም ጠመኔ ይቀቡ ጀመር። የማርስ ጠርዝ ከጥቁሩ ሰማይ ተለይቶ መጀመሪያ የወጣው በዚያ ሰሌዳ ላይ፣ በእጅ ቅብ ነው። የቀሩት ፎቶግራፎች ሲደርሱ ደግሞ ጉድ ተባለ፤ ማርስ እንደ ጨረቃ በግጭት ጉድጓዶች የተበሳሳች ሆና ተገኘች። በየወቅቱ የሚለዋወጠውን ጥቁረቷን ዕፅዋት ነው ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። ጉድጓድ የጠበቁት ግን ጥቂት ናቸው።

ሁለተኛው አጋጣሚ የጁፒተር ጨረቃ የሆነችው አዮ ናት። በማርች 1979 መጀመሪያ ላይ ስታንተን ፒል፣ ፓትሪክ ካሰንና ሬይ ሬይኖልድስ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጁፒተርና ጎረቤት ጨረቃዎች አዮን እየጎተቱ ቅርጿን ስለሚያላውሱት ውስጧ ይግላል፣ ይቀልጣል፤ ስለዚህ እሳተ ገሞራ ሊኖርባት ይችላል ሲሉ ጻፉ። ቮየጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር በቀናት ልዩነት ደረሰች። አዮን ካለፈችም በኋላ ሊንዳ ሞራቢቶ የተባለችው የጉዞ አቅጣጫ መሐንዲስ፣ ለስሌቷ የሚያስፈልጋትን ኮከብ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ስትፈልግ፣ ከአዮ ጠርዝ በላይ ወደ ሰማይ የተተፋ ግዙፍ ደመና አየች። ከምድር ውጭ በሥራ ላይ ያለ እሳተ ገሞራ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

ልዩነቱን አስተውሉልኝ። ማርስ ላይ ፎቶግራፉ መጥቶ ማብራሪያው ዓመታት ፈጀ። አዮ ላይ ግን ማብራሪያው ታትሞ ፎቶግራፉን ይጠብቀው ነበር።

አሁን ወደ ሴሬስ ልውሰዳችሁ። ጁሴፔ ፒያትሲ በሲሲሊ ደሴት፣ በፓሌርሞ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ሌሊት አገኛት፤ ጥቂት ሳምንታት ከተከታተላት በኋላ በፀሐይ ብርሃን ተጋርዳ ጠፋች። የ24 ዓመቱ ጀርመናዊ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ከእነዚያ ጥቂት ልኬቶች ምሕዋሯን አስልቶ «እዚህ ፈልጓት» አለ፤ ዓመቱ ሲያልቅ እዚያው አካባቢ ተገኘች። ስለዚህ የሴሬስ ታሪክ ገና ከጅምሩ የግምት ታሪክ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ፕላኔት ተባለች፣ ቀጥሎ አስትሮይድ፣ ከ2006 ወዲህ ደግሞ ድንክ ፕላኔት።

ስፋቷ 950 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥግግቷ ከውኃ ሁለት እጥፍ ትንሽ ከፍ ይላል። ሙሉ በሙሉ አለት ብትሆን ከዚህ ብዙ በከበደች ነበር፤ ስለዚህ በውስጧ ብዙ የውኃ በረዶ አለ ብለው አዋቂዎቹ ይገምታሉ። በ2014 መጀመሪያ የአውሮፓው ሄርሸል የጠፈር ቴሌስኮፕ በዙሪያዋ የውኃ ተን ማየቱ ተገልጿል።

እዚያ ያደረሰን ሞተርም የሚገርም ነው። የዶውን ሞተር የዜኖን ጋዝ አዮኖችን በኤሌክትሪክ እያስወነጨፈ ይገፋል። ግፊቱ አንድ ነጠላ ወረቀት መዳፋችን ላይ ሲያርፍ ከሚሰማን ክብደት አይበልጥም፤ ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመድረስ 4 ቀን ይፈጅባታል። ነገር ግን ለዓመታት ሳይታክት ይሠራል። ቬስታ የተባለችውን አካል ከ2011 እስከ 2012 ዞራ፣ ከዚያ ተነሥታ ሴሬስን ለመዞር የበቃችው በዚህ ትዕግሥት ነው። ከምድር ውጭ ሁለት የሰማይ አካላትን በየተራ የዞረች የመጀመሪያዋ መንኮራኩር ናት።

ሴሬስ የያዘችልን እንቆቅልሽ ይኸውላችሁ። 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው አንድ የግጭት ጉድጓድ ውስጥ በጣም የሚያበሩ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። በየካቲት ሁለት መስለው ታዩ፤ በዚህ ወር ዶውን ቀረብ ስትል ብዙ ትናንሽ ሆነው ተበታተኑ። በረዶ ናቸው ወይስ ጨው? እኔ ለጨው እወራረዳለሁ። ሴሬስ ላይ ፀሐይ ያየ በረዶ ሳይቀልጥ ተንኖ ያልቃል፤ ረጅም ዕድሜ የለውም። ውኃው ከውስጥ ወጥቶ ሲተን ጨው ጥሎ ቢሄድ ግን ጨው የትም አይሄድም። ነጥቦቹ በረዶ ሆነው ከተገኙ ግምቴ መውደቁ ብቻ አይደለም፤ በረዶው ትናንት የተገለጠ አዲስ ነገር ነው ማለት ይሆናል። በሁለቱም መንገድ አንድ ነገር እናውቃለን።

ቀጥሎ ፕሉቶ። ክላይድ ቶምባው በአሪዞና፣ ፍላግስታፍ፣ በሎዌል የሥነ ፈለክ ጣቢያ፣ በጃንዋሪ 1930 በተለያዩ ሌሊቶች የተነሡ ሁለት የመስታወት ፎቶግራፎችን እያፈራረቀ ሲመለከት፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን ቦታዋን የቀየረች አንዲት ነጥብ አገኘ። ያኔ ፕሉቶ የምድርን ያህል ይመዝናል ተብሎ ነበር። እየቆየ ግምቱ ወረደ፤ በ1978 ጄምስ ክሪስቲ ሻሮን የተባለችውን ጨረቃውን ሲያገኝ ትክክለኛው ክብደት ታወቀ፤ ከምድር 500 እጅ ያህል ያነሰ ሆነ። በ1988 በአንድ ኮከብ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ቀስ ብሎ ስለደበዘዘ ስስ ከባቢ አየር እንዳለው ተረጋገጠ። ፕሉቶ ከፀሐይ እየራቀ ስለነበር ይህ አየር በቶሎ በርዶ መሬቱ ላይ ይረግፋል ብለው የተነበዩ ነበሩ። በ2002 እንደገና ሲለካ ግፊቱ በእጥፍ አድጎ ተገኘ! ትንበያው በመነገሩ ነው መውደቁ ትምህርት የሆነው፤ የናይትሮጅን በረዶው ከየትኛው ዋልታ እየተነነ እንደሆነ ሳይንቲስቶች እንዲመረምሩ አስገደዳቸው።

ኒው ሆራይዘንስ ከምድር የተነሣችው በጃንዋሪ 2006 ነው፤ ጨረቃን በ9 ሰዓት አለፈች፤ ከቶምባው አመድ ጥቂቱን ይዛለች። ዘጠኝ ዓመት ተኩል ተጉዛ የምታገኘው የቅርብ ጊዜ ግን የሰዓታት ነው። በሴኮንድ 14 ኪሎ ሜትር እየበረረች ለመቆም የሚበቃ ነዳጅ የላትም። አንድ ትእዛዝ ከምድር እስኪደርሳት 4 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ስለዚህ በዚያ ዕለት ማንም አይመራትም፤ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተጽፎ ይሰጣታል። አንቴናዋ ከአካሏ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ካሜራዎቿን ወደ ፕሉቶ ስታዞር ከእኛ ጋር መነጋገር አትችልም። በደኅና ማለፏን የምንሰማው ለሐምሌ 8 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ የሰበሰበችውን ሁሉ ልካ እስክትጨርስም 16 ወር ያህል ይወስዳል።

ፕሉቶ በራሱ ዛቢያ አንዴ ለመዞር 6.4 ቀን ስለሚፈጅበት፣ በደንብ የምናየው አንዱን ፊቱን ብቻ ነው። የትኛው ፊት? የትኛው ካሜራ በየትኛው ደቂቃ ወዴት ይዙር? እነዚህን የወሰኑት ሰዎች ያልታየን ነገር ገምተው ነው የወሰኑት። በ2011 እና በ2012 ሀብል ቴሌስኮፕ ሁለት ተጨማሪ ትናንሽ ጨረቃዎችን ሲያገኝ፣ በመንገዷ ላይ ፍርስራሽ ይኖር ይሆን ተብሎ ተለዋጭ ዕቅድ ጭምር ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ግምት የጨዋታ ነገር አይደለም፤ በመንኮራኩሯ ማህደር ውስጥ በትእዛዝ መልክ ተጽፎ ተቀምጧል።

የእኔን ግምት ደግሞ ልንገራችሁ። ፕሉቶ ላይ የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ከሚደርሰው 1,000ኛው ያህል ነው፤ ገጹ ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። አዮን የሚያግላት የጉተታ ሙቀትም የለውም፤ ፕሉቶና ሻሮን ፊት ለፊት ተፋጠው ስለሚዞሩ አንዱ ሌላውን አያላውሰውም። የሙቀት ምንጭ የሌለው አካል ገጹን አያድስም። ስለዚህ አብዛኛው ምድሩ ያረጀ፣ በግጭት ጉድጓድ የተሞላ፣ ላዩን ብቻ ውርጭ የሚመላለስበት ሆኖ እናገኘዋለን እላለሁ። ይህን የሚቃወም አንድ ምስክር እንዳለ አልሸሽግም፤ ቮየጀር 2 በ1989 ያየቻት የኔፕቱን ጨረቃ ትራይተን፣ በመጠንና በበረዶ ዓይነት ለፕሉቶ ትቀርባለች፤ ጉድጓዶቿ ጥቂት ናቸው፤ ከገጿም ጭስ ሲተፋ ታይቷል። የትራይተንን ሙቀት ኔፕቱን ስቦ በያዛት ጊዜ ካገኘችው ጉተታ ጋር የሚያያይዙት ስላሉ፣ እኔም በዚሁ እጸናለሁ። ሐምሌ ላይ ጉድጓድ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ከታየ፣ ትንንሽና ቀዝቃዛ አካላት እንዴት ውስጣቸውን ሞቅ አድርገው እንደሚያቆዩ የምናውቀው ነገር ጎደሎ ነበር ማለት ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ ከፕሉቶ ወዲያ ኤሪስ፣ ማኬማኬና ሃውሜያ የተባሉ ድንክ ፕላኔቶች አሉ፤ ወደ እነርሱ የምትጓዝ መንኮራኩር ዛሬ የለችም። እያንዳንዱ ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው አንዴ ብቻ ነው፤ የፕሉቶ ተራ ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል። እያንዳንዳችሁ ሦስት ግምት ጻፉ፤ ከየግምቱ ሥር «ምክንያቱም» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ፤ ቀኑን አስፍሩና ለሌላ ሰው አስቀምጡ። መምህራን ተማሪዎቻችሁን አጽፉ። ግምታችሁ ከያዘ ምክንያታችሁ ይመስገን፤ ከወደቀም ከዘጠኙ ዓመት ተኩል ጉዞ ድርሻችሁን የምታገኙት ያኔ ነውና ደስ ይበላችሁ።